የፖም ኬክ በወልድያ ከሰል

ኬክ የሚባለው ምግብ ወደ አገራችን ትንንሽ ከተሞች የገባው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ ነው። ስለዚህም አብዛኛው ሰው ኬክን የሚያውቀው በመግዛት እንጂ በመጋገር አይደለም። ልደት ሲደርስ፣ ምርቃት ሲሆን ወይም የሩቅ እንግዳ ሲመጣ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወጣት ሠራተኛ ወደ ኬክ ቤት ይሄዳል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ኪሱን ይዳስሳል። ከዚያም ወይ ትንሹን ገዝቶ ያፍራል፤ ወይ ትልቁን ገዝቶ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ሽሮውን እያቀጠነ ይበላል።

«ታዲያ ለምን በቤታችሁ አትጋግሩትም?» ተብለው ሲጠየቁ፣ የወልድያና የመርሳ ወጣቶች የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ «ኦቨን የለንም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ሞክረነው ነበር፤ መሐሉ ሰመጠብን» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ይህ የፈረንጅ ፍሬ፣ ይህ የፈረንጅ ዱቄት ለእኛ ዐቅም አይሆንም» የሚል ነው። ሦስቱም መልሶች በቂ ምክንያት ያላቸው ይመስላሉ፤ ሆኖም ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ይህች ጽሑፍ መልሶቹን በየተራ ከመረመረች በኋላ፣ ላዩ በስኳር ቅባት ያጌጠ የፖም ኬክ በከሰል ማንደጃ ላይ እንዴት እንደሚጋገር ታስረዳለች።

ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት

ኦቨን ማለት ሙቀትን ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከላይ፣ ከታችና ከጎን የሚሰጥ የተዘጋ ሣጥን ነው። ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ሙቀት የሚያገኘው በይበልጥ ከታች ነው፤ ስስ ስለሆነም ይበቃዋል። ወፍራም ሊጥ ግን ከታች ብቻ ቢሞቅ ሥሩ አርሮ አናቱ ጥሬ ይቀራል። ይኸን ምሥጢር የወሎ እናቶች ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ድፎ ዳቦ ሲደፉ ሊጡን በኮባ ጠቅልለው ምጣድ ላይ ያሳርፉታል፤ በላዩ ሌላ ምጣድ ይከድኑበታል፤ በክዳኑም ላይ ፍም ይጭናሉ። መከራ የበዛበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚለው ይኸን አይቶ ነው። እንግዲህ ኦቨን የለንም የምንል ሰዎች፣ ኦቨን የሌለን የብረት ሣጥኑን በመመልከት ብቻ ነው፤ አሠራሩማ ከጥንት ጀምሮ በየጓዳችን አለ።

ከዚህም ሌላ ከሰል አንድ ጥቅም አለው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ፣ መብራት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለመደው ቤት ሁሉ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመልሷል። በሁለቱም እሳት መጋገር የሚችል ሰው መብራት ጠፋ ብሎ ከሥራው አይቦዝንም።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉ በፊት መነገር አለበት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ የወሰደው እያስመሰለ ይገድላል። በአንዲት የኪራይ ክፍል የሚኖር ሰው ማንደጃውን በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ስፍራ ያኑረው። ኬክ ለመጋገር አንድ ሰዓት ያህል እሳት ያስፈልጋልና ይኸን መዘንጋት አይገባም።

ኬኩ ለምን ይሰምጣል?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ከማስታወቂያ የገለበጠችውን የኬክ አሠራር አንዲት ማንኪያ ሳታዛንፍ ተከትላ ሁለት ጊዜ ጋገረች። ሁለቱንም ጊዜ ኬኩ በፍጥነት ኩፍ ብሎ ተነሣ፤ ኋላ ግን መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ሰመጠ። እርስዋም «እጄ ለኬክ አይሆንም» ብላ ተወችው። ጥፋቱ ግን የእጅዋ አልነበረም፤ የአገሩ ከፍታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤኪንግ ፓውደር የአሲድና የሶዳ ድብልቅ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ሊጡን በጥቃቅን አረፋ ሞልቶ ያስነሣዋል። ይኸን ዱቄት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1843 ያዘጋጀው አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነው። ሚስቱ እርሾ የማይስማማት ስለ ነበረች፣ ያለ እርሾ የሚነሣ ዳቦ ሊያበላት ፈልጎ ነው ይባላል።

ታዲያ በማሸጊያ ላይ ታትመው የሚመጡት ልኮች ብዙዎቹ የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ለማይሉ ከተሞች ነው። ወልድያ ግን ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ፣ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ የሚጫነው ኃይል ስለሚያንስ ከመጠን በላይ ይለጠጣል። ሊጡ በሙቀት ጸንቶ ሳይቆም አረፋዎቹ ተለጥጠው ይፈነዳሉ፤ ኬኩም ይወድቃል።

ውኃም እንዲሁ በከፍታ ጠባዩ ይለወጣል። በጅቡቲ ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ በወልድያ 93 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል። ከወልድያ በስተ ደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ያለችውና ዝቅ የምትለው መርሳ፣ 1,600 ሜትር ግድም ስለሆነች 95 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ በደጋው ውኃው ከሊጡ ቶሎ ይተናል፤ ስኳሩ በቀረው እርጥበት ውስጥ ይበዛል። የበዛ ስኳር ደግሞ ሊጡ ቶሎ እንዳይጸና ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ከሩብ ባልበለጠ መቀነስ፣ ስኳሩን በ1 ወይም በ2 የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ ወተቱን ወይም ውኃውን በ2 የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ እሳቱንም ጥቂት ማበርታት ነው። ያቺ ባልደረባዬ በሦስተኛው ጊዜ ይኸን አደረገች፤ ኬኩም ተነሥቶ ቆመ። በየደጋው ከተማ እጃቸውን ሲወቅሱ የኖሩ ሰዎች ስንት ይሆኑ?

ፖሙ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ገበያው «አፕል» የሚለውን ፍሬ የቀድሞ ሰዎች «ፖም» ይሉታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን በመጽሐፈ ምሳሌና በመኃልየ መኃልይ ይህ ፍሬ ሲያጋጥማቸው፣ የአገራችን ቆላ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን «እንኮይ» የሚለውን ስም መረጡለት። ሁለቱ ፍሬዎች ዝምድና የላቸውም፤ ተርጓሚዎቹ ግን አንባቢው ያላየውን በሚያውቀው መግለጻቸው ብልኅነት ነው። እኛም በኬኩ ነገር ይኸንኑ ብልኅነት እንከተላለን።

የፖም ዘር የተገኘው በመካከለኛው እስያ፣ በካዛክስታን አካባቢ ካሉት ተራሮች ነው። ስለዚህ ዛፉ ብርድ ይፈልጋል። ቅጠሉን አራግፎ የሚያንቀላፋበት የብርድ ወራት ካላገኘ፣ አበባውን በሥርዓት አያወጣም። ብዙዎቹ የአውሮጳ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓታት ይሻሉ። በአገራችን በፖም የታወቀችው ጨንቻ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኝ ብርዳም አገር መሆንዋ በከንቱ አይደለም። ወደዚያ ፖምን አምጥተው የተከሉት ሚስዮናውያን ሲሆኑ፣ ዛሬ ገበሬው ፍሬውንም ችግኙንም ይሸጣል።

መርሳና አብዛኛው የሀብሩ ወረዳ ግን ሞቃት ነው፤ ፖም አይሆንለትም። ሆኖም ሀብሩ በሌላ ፍሬ የታደለ ነው። በደሴና በወልድያ መካከል በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ በመርሳ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ያውቃል። የዚህ ፍሬ ችግር ማጣት ሳይሆን በአንድ ጊዜ መብዛቱ ነው። ፖም ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ለወራት ይቆያል። የበሰለ ማንጎ ግን በጥቂት ቀን ይበላሻል፤ ስለዚህ ወቅቱ ሲደርስ ሻጩ ባገኘው ዋጋ ይሰጣል፤ የቀረውም ይጣላል። በቤት ውስጥ ፍሬን ከሊጥ ጋር የሚጋግር ሰው ሲበዛ፣ ለሚጣለው ፍሬ አንድ ተጨማሪ መንገድ ይከፈታል።

ስለዚህ ፖም ያገኘ በፖም ይጋግር፤ ለአንድ ኬክ ሦስት ፍሬ ይበቃልና ለብዙ ሰው ሲካፈል ወጪው የሚከብድ አይደለም። ፖም ያላገኘ ደግሞ የመርሳን ማንጎ ይውሰድ። ነገር ግን ጭማቂው የበዛ የበሰለ ማንጎ ሊጡን ያላቁጠዋል፤ መብሰል ጀምሮ ገና ጠንከር ያለውን መምረጥ ይሻላል። ፓፓያ እጅግ ለስላሳና ውኃማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመችም። ብርቱካኑ ግን ለላይኛው ቅባት ወደር የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መለኪያው ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ነው። እንዲህ ያለ ኩባያ የሌለው ሰው ግማሽ ሊትር የሚይዘውን የውኃ ጠርሙስ ሞልቶ ለሁለት እኩል ቢከፍለው ልኩን ያገኛል። የሚከተለው ልክ ለወልድያ ከፍታ የተስተካከለ ነው።

የተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 2 ኩባያ፤
ስኳር፣ ከ1 ኩባያ ሩብ ጎደል፣ ማለት ሦስት አራተኛ ኩባያ፤
ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ (በመርሳ ከዚህ ጥቂት አለፍ ቢል ይሆናል)፤
ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ፤
ወተት፣ ግማሽ ኩባያ፤
ዕንቁላል፣ ትልልቁን የፈረንጅ 3 ወይም አነስ ያለውን የሐበሻ 4፤
የተፈጨ ቀረፋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ፤
ጨው፣ አንድ ቁንጥጫ፤
ፖም፣ 3 መካከለኛ ፍሬ፤
ሎሚ፣ 1።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ፖሙን አጥበው ይላጡ፤ መሐሉን አውጥተው በስሱ ይክተፉት። ልጣጩን አይጣሉ፤ ኋላ ይፈለጋል። የተከተፈው ፖም አየር ሲነካው ቶሎ ይጠቁራል፤ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚሆን ነውና ግማሽ ሎሚ ጨምቀው ቢያገላብጡት ነጭነቱን ይጠብቃል።

ቀጥሎ እሳቱን ያሰናዱ። ታቹ ወፍራም የሆነ ሰፊ ብረት ድስት ይምረጡ፤ ስስ የአልሙኒየም ድስት ባዶውን እሳት ላይ ሲቆይ ይበላሻል። ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ አሸዋ ሁለት ጣት ያህል ያፍስሱበትና በላዩ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች እንደ ጉልቻ ያስቀምጡ። ክዳኑን ገጥመው በጋለ ከሰል ላይ ሩብ ሰዓት ያሙቁት። አሸዋው ሙቀቱን እኩል እያካፈለ የኬኩ ሥር እንዳያርር ይጠብቃል።

ድስቱ እስኪግል ዕንቁላሉንና ስኳሩን በሹካ ወይም በዕንቁላል መምቻ አምስት ደቂቃ ያህል ይምቱ፤ ነጣ ብሎ አረፋ ሲሞላ ዘይቱንና ወተቱን ይጨምሩ። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ቀረፋውንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ነፍተው ያክሉበት። እዚህ ላይ ዳቦ ማቡካት የለመደ እጅ መታገሥ አለበት። ዳቦ ሲታሽ ይጠነክራል፤ ጥንካሬውም ይፈለጋል። ኬክ ግን ከታሸ ይደርቃል። ስለዚህ ዱቄቱ ከዓይን እስኪጠፋ ብቻ አማስለው ይተዉት።

ወርዱ አንድ ስንዝር ያህል የሆነ የብረት ሳሕን ወይም ትሪ ዘይት ቀብተው ዱቄት ይነስንሱበት። ይህ ዕቃ ከድስቱ ጠባብ መሆን አለበት፤ ሙቀቱ በዙሪያው መዞር ይፈልጋልና። ሊጡን ይገልብጡበት፤ የፖሙን ግማሽ ወደ ውስጥ ይቀላቅሉ፤ የቀረውን በላዩ እንደ አበባ ይደርድሩት። ሳይዘገዩ ወደ ድስቱ ያስገቡ፤ ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ካገኘ ጀምሮ ሥራውን ስለሚጀምር የተቦካ ኬክ አይከርምም።

ክዳኑን ገጥመው ፍም ይጫኑበት። ሥርዓቱ ከላይ በዛ፣ ከታች ቀነስ ያለ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ክዳኑን አይክፈቱ፤ ቀዝቃዛ አየር በድንገት ከገባ ገና ያልጸናው ኬክ ይወድቃል። ከ45 ደቂቃ በኋላ ገልጠው ንጹሕ ስንደዶ መሐሉ ላይ ይውጉ። ስንደዶው ደርቆ ከወጣ ኬኩ በስሏል፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጨምሩለት። ኦቨን ያለው ሰው በ190 ዲግሪ ግድም ሊጋግረው ይችላል።

የላዩ ቅባት

ኬክ ቤቱ ውስጥ ዓይን የሚስበው ያ የሚያበራ ቅባት፣ ዋናው ጉዳዩ ስኳርና ትዕግሥት ነው። ሁለት ዓይነት ቅባት በቤት ይሠራል።

የመጀመሪያው ከተቀመጠው ልጣጭ ነው። ልጣጩንና የፖሙን መሐል፣ ዘሩን አውጥተው በመጣል፣ በ2 ኩባያ ውኃ ይቀቅሉት። ውኃው በግማሽ ሲጎድል አጥልለው ልጣጩን ያስወግዱ። በውኃው ላይ ግማሽ ኩባያ ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው፣ ማንኪያን እስኪለብስ ድረስ ያፍሉት። በፖም ልጣጭ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ፤ ማርማላታን የሚያረጋውም እርሱ ነው። ፔክቲን ከስኳርና ከአሲድ ጋር ሲፈላ ይረጋል፤ ያለ ቀለም ያለ ኬሚካል የሚያበራ ቅባት ይሰጣል። ኬኩ ገና ለብ እንዳለ በማንኪያ ጀርባ ይቀቡታል።

ሁለተኛው የመርሳ ብርቱካን ቅባት ነው። ስኳር በሙቀጫ ወቅጠው ወይም ፈጭተው በቀጭን ወንፊት ይንፉት። አንድ ኩባያ የላመ ስኳር ላይ የብርቱካን ጭማቂ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ እንደ ማር እስኪሆን ያማስሉ። ይህኛው የሚፈስሰው ኬኩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ቢፈስስ ቀልጦ ይሰርጋል። በማንጎ የጋገረ ሰው፣ የማንጎ ልጣጭ ስለማይበላ፣ ይኸን ሁለተኛውን ይምረጥ።

ለጾምና ለበዓል

በወሎ በአንድ አጥር ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ለእንግዳ የሚጋገር ነገር ሁሉ ማን እንደሚበላው ታስቦ ይጋገራል። ከላይ የተጻፈው ኬክ መጠጥም የእንስሳ ስብም ስለሌለበት፣ ለኢድም ለእንቁጣጣሽም ይቀርባል። የሚከለክለው የክርስቲያኑ ጾም ብቻ ነው።

ለጾም ቀን ዕንቁላሉና ወተቱ ይቀራሉ። በዕንቁላሉ ፈንታ አንድ ፖም ቀቅለው ደቁሰው ያስገቡ፤ በወተቱ ፈንታ ውኃ ይጨምሩ። ከቤኪንግ ፓውደሩም ጋር ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያክሉ፤ አሲዱ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡን ያነሣዋል። የጾም ኬክ የዕንቁላሉን ያህል ከፍ አይልም፤ ርጥበቱ ግን ይቆያል፤ በማግሥቱም ይበላል።

ልክን መጻፍ

እናቶቻችን ድፎን የሚያበስሉት በእጃቸው ልክ ነው፤ ልኩም ከእናት ወደ ልጅ በማየት ይተላለፋል። ኬክ ግን ለብዙዎቻችን ያየንበት እናት የለንም። ስለዚህ የተማረ ሰው ያለውን መሣሪያ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ወደ ጓዳ ይውሰድ። ስንት ማንኪያ እንደገባ፣ ስንት ፍም ከላይ ስንት ከታች እንደተጫነ፣ በስንት ደቂቃ እንደበሰለ ይጻፍ። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን ብቻ ለውጦ ይሞክር፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደበጀው አያውቅም። ይህ በክፍል ውስጥ ለተማሪ የምናስተምረው የሳይንስ ሥርዓት ነው፤ ወንዱም ሴቱም፣ ላጤውም ባለትዳሩም ሊሠራበት ይችላል።

በገጹም አናት ላይ ልኩ የተሞከረበት አገር ስም ይጻፍ፤ «ወልድያ» ወይም «መርሳ» ይባል። ያ ገጽ ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚዛወር ወጣት ሠራተኛ እጅ ሲገባ፣ ምን መጨመርና ምን መቀነስ እንዳለበት ወዲያው ያስታውቀዋል። ለዱቄቱም፣ ለስኳሩም፣ ለእሳቱም ልክ አለው፤ ከተጋገረው ቆርሶ ለጎረቤት ለመላክ ግን ልክ አያስፈልግም።